ውኃ ሐዋሳ ላይ በ94 ዲግሪ ሲፈላ የተሳሳተው መጽሐፉ ነው ወይስ እኛ?

ጥያቄ፦ የ7ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር፣ ሐዋሳ

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ በ5 ቡድን ሆነው የውኃን የመፍላት ነጥብ ለኩ። ሦስቱ ቡድኖች 94 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ አንዱ 95 ሲመዘግቡ አምስተኛው 100 ብሎ ጻፈ። ቀርቤ ስጠይቃቸው ያነበቡት እነርሱም 94 እንደነበረ፣ ነገር ግን «መጽሐፉ 100 ስለሚል አስተካከልነው» አሉኝ። እኔም የተማርኩት 100 በመሆኑ ወዲያው የምመልሰው አጣሁ። ቴርሞሜትሮቻችን ያረጁ ናቸው፤ ችግሩ የእነርሱ ይሆን? ልጆቹንስ እንዴት ላርማቸው?

መልስ፦ የፊዚክስ መምህር፣ አዳማ

ንባባችሁ ትክክል ይመስለኛል። ውኃ የሚፈላው የእንፋሎቱ ግፊት በዙሪያው ካለው የአየር ግፊት ጋር እኩል ሲሆን ነው። 100 ዲግሪ የሚባለው የአየሩ ግፊት 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በሆነበት፣ ማለትም በመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለን ሜርኩሪ እስከ 760 ሚሊ ሜትር ከፍታ ደግፎ በሚያቆምበት፣ በባሕር ጠለል ላይ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየር ግፊቷ ያነሰ ነው፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታም የመፍላት ነጥቡ በ1 ዲግሪ ያህል ስለሚቀንስ ስሌቱ ወደ 94 ያደርሰናል። አዳማም ከፍታዋ ተቀራራቢ በመሆኑ እኛም ከዚህ የራቀ ቁጥር አናገኝም።

መልስ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር

ማብራሪያው ትክክል ነው፤ እርስዎ ግን ለልጆቹ ወዲያው እንዳይነግሯቸው እለምንዎታለሁ። «ቴርሞሜትሩ ተበላሽቷል» የሚለውም ሆነ «ከፍታው ነው» የሚለው ለእነርሱ ገና መላ ምት ነው፤ ሁለቱንም ደግሞ ራሳቸው ሊፈትኗቸው ይችላሉ። አስቀድመው ቴርሞሜትሮቹን በተሰባበረ በረዶና በውኃ ድብልቅ ውስጥ ያቆዩአቸው። በረዶ የሚቀልጥበት ነጥብ በከፍታ ምክንያት ይህ ነው የሚባል ለውጥ ስለማያሳይ ደህናው ቴርሞሜትር 0 ማንበብ አለበት። ውኃው ሲፈላም የቴርሞሜትሩ ጫፍ የዕቃውን ታች እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

የአየር ግፊት ከከፍታ ጋር መቀነሱ የታወቀበትን መንገድም ቢተርኩላቸው መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ1648 ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ብሌዝ ፓስካል ባቀረበው ሐሳብ መሠረት የእህቱ ባል ሜርኩሪ የተሞላ የመስታወት ቱቦ ይዞ ፈረንሳይ ውስጥ ፒዊ ደ ዶም የሚባለውን ተራራ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ሲደርስም ሜርኩሪው ከግርጌው ንባብ በ8 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ግን ሌላኛው ቱቦ ነው፤ እርሱን ከተራራው በታች፣ ከተማው ውስጥ፣ አንድ መነኩሴ ቀኑን ሙሉ ሲጠብቁት ዋሉ፤ ምንም አልተለወጠም። ያ ቱቦ ባይኖር ኖሮ «የዕለቱ አየር ተለዋውጦ ይሆናል» ለሚል ሰው መልስ አይገኝም ነበር።

100 የጻፉትን ልጆች አይቅጧቸው። ያነበቡትን 94 መልሰው እንዲጽፉና መጽሐፉ ያለውን ከጎኑ እንዲያሰፍሩ ያድርጉ። የታየ ነገር ከመዝገብ ከተፋቀ የሚጠየቅ ጥያቄ አይኖርም።

የጠያቂው ምላሽ

ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬ በበረዶ ፈተንን፤ አራቱ ቴርሞሜትሮች 0 ሲያነቡ 95 ያለው ቡድን የተጠቀመበት 1 አነበበ። ይህን ያስተዋለችው የዚያው ቡድን ተማሪ ናት። ቅዳሜ ደግሞ አዲስ አበባ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትኖር እህቴ በረዶ ላይ 0 ባነበበ ቴርሞሜትር ትለካልናለች። ተማሪዎቹ ከወዲሁ ትንበያቸውን ጽፈው ፈርመዋል፤ አብዛኞቹ 92 ብለዋል፣ 100 የጻፈው ቡድንም ጭምር።