የስክሪን መነጽር ለቤተሰብ፦ ቁጥሩ ላይ ተቸግሬያለሁ

ሰላም ለሁላችሁ። ሻጩ ለሁላችንም «ብሉ ላይት (ከስክሪን የሚወጣ ሰማያዊ ብርሃን) የሚከላከል» ሌንስ ይለኛል። እሱን ትቼዋለሁ፤ በ2023 የወጣው የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝን ድርጅት) ግምገማ የዓይን ድካምን ከተራ ሌንስ የበለጠ የሚቀንስ አይመስልም ብሏል። ዋናው ችግር የዓይን ድርቀት ነው፤ ስክሪን ላይ ሲፈጠጥ ዓይን ማርገብገብ ይቀንሳል።

ያስቸገረኝ የ47 ዓመቱ ባለቤቴ መነጽር ነው። የሩቁን ያለ መነጽር ያያል፤ ለንባብ +2.00 ዳይኦፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ታዞለታል። በዚህ ቁጥር ከ50 ሴንቲ ሜትር የራቀ ነገር ይደበዝዛል፤ ሞኒተሩ ደግሞ 67 ላይ ነው። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አንገቱን አስግጎ ይውላል። የሌንሱ ኃይል 1 በሜትር ለተለካው ርቀት ተካፍሎ ስለሚገኝ፣ 1 ለ0.67 ሲካፈል +1.50 ገደማ ይመጣል። ግን ወረቀትም 40 ላይ ያነባል። ነጠላ +1.50 ይበቃዋል ወይስ ለቢሮ የሚሠራው ፕሮግሬሲቭ (ኃይሉ ከላይ ወደ ታች ቀስ በቀስ የሚለወጥ ሌንስ) ይሻላል? ተራውን ፕሮግሬሲቭ አልፈልግም፤ የመካከለኛው ርቀት ቦታ ጠባብ ስለሆነ አገጭን ወደ ላይ ያስነሳል።

የ9 ዓመቷ ልጅ የሩቁን አጥርታ ስለማታይ −1.25 ታዞላታል፤ በብሌኖቿ መካከል ያለው ርቀት 54 ሚሊ ሜትር ነው። የሌንሶቹ መሃል የተሠራላት ግን 62 ላይ ነው፤ ፍሬሙ 46-16 (የአንዱ ሌንስ ስፋትና የአፍንጫው ድልድይ በሚሊ ሜትር፣ ድምሩ 62) ስለሚል ሌንሱን መሃል ለመሃል ቆርጠውታል መሰለኝ። ልዩነቱ 0.8 ሴንቲ ሜትር ሲባዛ በ1.25፣ 1 ፕሪዝም (ሌንስ ብርሃንን ወደ ጎን የሚያጣምምበት መለኪያ) ያልታዘዘ ጫና ማለት ነው። በዚሁ ፍሬም ሌንሱን በየጎኑ 4 ሚሊ ሜትር ወደ አፍንጫ አስገብቶ መቁረጥ ይቻላል ወይስ ጠበብ ያለ ፍሬም ልፈልግ? የሠራችሁበት ካላችሁ ንገሩኝ።