ለማከራየት ኮንዶሚኒየም መግዛት፦ 6 ሚሊዮን ብር ያዋጣል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀሞ፣ የ20/80 ባለ ሁለት መኝታ፣ 4ኛ ፎቅ፣ 6 ሚሊዮን ብር ተብያለሁ። ደላላው በወር 25,000 ይከራያል ይላል። ግማሹን ከባንክ ብበደር ኪራዩ ብድሩን ይከፍላል? ከመፈረሜ በፊትስ ምን ልይ?

ሒሳብ ወዳድ፦
አይከፍልም። 25,000 በ12 ወር 300,000 ነው። ተከራይ ሲለወጥ ቤቱ አንድ ወር ባዶ ቢያድር 275,000። ለሕንፃው ማኅበር (ጥበቃ፣ ጽዳት) 12,000፣ ለቀለም፣ ለቧንቧና ለቁልፍ 20,000 ያዝለት። 243,000 ቀረ፣ ያውም ከግብር በፊት። ከ6 ሚሊዮኑ 4 በመቶ ገደማ መሆኑ ነው፤ የባንክ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ እንኳ 7 በመቶ ነው! 3 ሚሊዮኑን በ17 በመቶ ብትበደር የመጀመሪያው ዓመት ወለድ ብቻ ወደ 510,000 ይጠጋል። ዋናው ብድር ሳይነካ በየወሩ 22,000 ብር ያህል ከኪስህ ትጨምራለህ ማለት ነው። እኛ አገር ሰው ቤት የሚገዛው ብር ሲረክስ ዋጋው ስለሚይዝለት እንጂ ለኪራዩ ብሎ አይደለም። ለዚያ ከሆነ በራስህ ገንዘብ ግዛ።

ወረቀት ይቅደም፦
ካርታው በማን ስም ነው? ሻጩ በውክልና ከመጣ ባለቤቱን ራሱን አግኝ፤ ውክልና ይሻራል፣ ወካዩ ሲሞትም ያበቃል። ክፍለ ከተማ ሄደህ ዕዳና እገዳ አጣራ፤ 20/80 ሲጀመር 20 በመቶው በቅድሚያ፣ 80 በመቶው በባንክ ብድር የሚከፈል ስለሆነ ያልተከፈለ የንግድ ባንክ ብድር መገኘቱ የተለመደ ነው። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ሁለቱም ይፈርሙ፣ ካልሆነ ያላገባ ማስረጃ ያምጣ። «ለጊዜው እዚሁ እንፈራረም» የሚል ደላላ ካጋጠመህ ተነሥተህ ሂድ፤ ውልና ማስረጃ መሥሪያ ቤት ቀርቦ ያልተፈረመ የቤት ሽያጭ ሻጩ የካደ ቀን አያስኬድህም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። አሁን ተከራይ አለበት። እሱ ሲለቅ ከአዲሱ የ6 ወር ቅድሚያ መቀበል እችላለሁ?

የብሎኩ ሰው፦
አትችልም። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከ2 ወር አይበልጥም፣ ውሉ ከ2 ዓመት አያንስም፤ በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ ይመዘገባል። ጭማሪም ቢሆን መንግሥት በየዓመቱ ከሚያወጣው ጣሪያ አያልፍም። ስለዚህ የደላላውን 25,000 ተወውና የተመዘገበውን ውል እንዲያሳይህ ጠይቅ፤ 14,000 የሚል ከሆነ ሒሳብህን ከ14,000 ጀምር።

4ኛ ፎቅ ላይ ዋናው ጉዳይ ውኃ ነው። ውኃ በሚመጣበት ቀን ሄደህ ቧንቧውን ክፈት። ግፊቱ ካልደረሰ ሮቶውና ፓምፑ የጋራ ነው ወይስ የሻጩ? የሻጩ ከሆነ ነቅሎት እንዳይሄድ ውሉ ላይ አስገባው። ከዚያ 3ኛ ፎቅ ወርደህ አስፈቅደህ የመታጠቢያ ቤቱን ጣሪያ እይ። ቢጫ እድፍ ካለ ከላይ ያለው ወለል ያፈስሳል፤ በስሚንቶ መለጠፍ አያድነውም፣ ሴራሚኩ ተነሥቶ ውኃ መከላከያው እንደገና መሠራት አለበት። ያንን ከዋጋው ላይ አስቀንስ።