ፒክአፕ ላይ የሚጫን ካምፐር ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ከዲሲ አካባቢ የተሰበሰበ ጥቆማ

ሰሞኑን ሦስት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ጠየቀኝ። አንዱ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ፣ አንዷ በስልክ፣ አንዱ ደግሞ እንጀራ ልገዛ ስገባ መኪናዬን አይቶ። «ይሄ ቤት ያዘለው ፒክአፕ ያንተ ነው? የቱን ልግዛ? የት ይታደራል?» ለእያንዳንዱ ቆሜ ከማወራ እዚህ ላይ ልጻፈው ብዬ ነው። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስድስት ዓመት በዚህ ነገር ተጉዣለሁ። ስለዚህ ጥቆማዬ ይበልጥ የሚጠቅመው ለሜሪላንድ፣ ለቨርጂኒያና ለዲሲ ሰው ነው።

ግራ ለሚገባው ሰው፦ ይሄ ተጎታች ቤት አይደለም። የራሱ ሞተርም የለውም። ካሶኒው ላይ የሚቀመጥ ትንሽ ቤት ነው። አልጋው ከጋቢናው በላይ ነው። ምድጃ፣ ፍሪጅና የውኃ ታንከር አለው። ቤት ስትመለሱ በአራቱ ማዕዘን ባሉት ክሪኮች ከፍ አድርጋችሁ መኪናውን ከሥሩ ታወጣላችሁ። ሰኞ በዚያው ፒክአፕ ሥራ ትሄዳላችሁ። እኔ የወደድኩት ለዚህ ነው።

ካምፐር ከማየታችሁ በፊት ግን የሹፌሩን በር ክፈቱ። በሩ የሚገጥምበት ምሰሶ ላይ ነጭና ቢጫ ተለጣፊ አለ። የሰውና የጭነት ድምር ከዚህ ፓውንድ እንዳያልፍ ይላል። ያ ቁጥር የዚያች መኪና ብቻ ነው። ጎረቤታችሁ ያው ዓይነት መኪና ቢኖረውም ቁጥሩ ሌላ ሊሆን ይችላል። ባለ አራት በር ጋቢና፣ ባለ አራት ጎማ መንጃ፣ ጣሪያው ላይ ያለው መስታወት፣ ሁሉም ክብደት ነውና ከአቅሙ ይቀነሳል።

ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ የጠየቀኝ ወንድም ፎርድ ኤፍ-150 ፒክአፕ አለው። ተለጣፊው 1,650 ይላል። «ትንሽ ካምፐር እገዛለሁ» አለኝ። አብረን ደመርነው። ካምፐሩ ባዶውን 1,200። 20 ጋሎን ውኃ 166፤ አንድ ጋሎን ከ8 ፓውንድ በላይ ስለሚመዝን። የተሞላ የፕሮፔን ጋዝ ሲሊንደር 37፣ ባትሪ 60። እሱ፣ ባለቤቱና ሁለት ልጆቹ 405። ምግብ፣ ብርድ ልብስ፣ ወንበር፣ ጀበና፣ ሌላም ሌላም 150። ድምሩ 2,018 መጣ። ከተለጣፊው ቁጥር 368 ፓውንድ በላይ! ያውም «ትንሽ» በተባለው ካምፐር። ሰውዬው ዝም ብሎ ወረቀቱን ያይ ጀመር። ዛሬ ቢያዝንም ከቁልቁለት ላይ ፍሬን አልይዝ ብሎት ከሚያዝን ይሻላል።

«ባሌስትራ አስጨምራለሁ»፣ «ኤርባግ አስገባለሁ» የሚል መልስ ደጋግሜ እሰማለሁ። ኤርባግ የሚሉት በአደጋ ጊዜ የሚነፋውን ሳይሆን ከኋላ ባሌስትራው ጋ የሚገባውን የአየር ከረጢት ነው። የመኪናውን ጭራ ቀና ያደርጋል፣ ውዝዋዜውንም ይቀንሳል። እኔም አስገብቻለሁ። የተለጣፊውን ቁጥር ግን አይለውጠውም። ፍሬኑ፣ ቸርኬውና ጎማው ያው የበፊቶቹ ናቸው።

የገዛችሁ ካላችሁ ደግሞ ሞልታችሁ አስመዝኑ። ትላልቅ የጭነት መኪና ማደያዎች ላይ ካት ስኬል የሚባል ሚዛን አለ። ከ20 ዶላር ባነሰ ዋጋ የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ መዝኖ ወረቀት ይሰጣችኋል። ውኃውን ሞልታችሁ፣ ቤተሰቡን ይዛችሁ ግቡ። የካምፐር ሻጭ «ደረቅ ክብደት» ሲላችሁ ብዙ ጊዜ ውኃውም፣ ባትሪውም፣ ከፋብሪካ ተጨማሪ የታዘዘውም ዕቃ አልተቆጠረም።

አሁን ወደ ምርጫው። ኤፍ-150 ወይም ቶዮታ ቱንድራ ላለው፣ ለብቻው ወይም ከትዳር ጓደኛው ጋር ለሚሄድ፣ ጣሪያው የሚነሳውን ነው የምመክረው። ጎኑ ከላይ ሸራ ነው፤ ስትነዱ ይታጠፋል፣ ስትቆሙ ይነሳል። ቀላልና ዝቅ ያለ ስለሆነ ነፋስ ብዙም አይገፋውም። ካሊፎርኒያ የሚሠራው ፎር ዊል ካምፐርስ በዚህ የታወቀ ነው። ኮሎራዶ የሚሠራው ሆልማርክም ጥሩ ስም አለው። ጉድለቱ ብርድ ነው። በኅዳር ሌሊት ሸራው ሙቀት አይዝም፤ ጧት በትንፋሽ ረጥቦ ታገኙታላችሁ። ሌላም ነገር አለ፦ ድብ ባለበት ቦታ ሸራ የማይፈቀድበት መቆሚያ ያጋጥማል። የሎውስቶን ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ያለው ፊሺንግ ብሪጅ የአርቪ (ቤት ያለው መኪና) መቆሚያ ጠንካራ ግድግዳ የሌለውን አያስገባም።

ይበልጥ የሚሸከሙት ኤፍ-250፣ ኤፍ-350 ወይም እኩያቸው ያለው ሰው ጠንካራ ግድግዳ ይግዛ። ከካሊፎርኒያው ላንስና ከአይዋው ኖርዝስታር የቱ ይሻላል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ኖርዝስታርን እላለሁ፤ አሠራሩ ቀላል ስለሆነ ሲበላሽ ራሳችሁ የምትደርሱበት ነው። ላንስ ውስጡ ያምራል፣ ያገለገለም በብዛት ይገኛል። ቢግፉት ካናዳ ነው የሚሠራው፤ አካሉ ፋይበር ግላስ ነው። ዋጋው ከበድ ይላል፣ ግን መገጣጠሚያው ጥቂት ስለሆነ ውኃ የሚገባበት ቀዳዳም ያንሳል። በብርድ ወራት ለሚጓዝ ከሁሉ አስቀድሜ የምጠራው እሱን ነው። የኦሪጎኑ ሆስት ስትቆሙ ግድግዳው በሦስት በኩል ወደ ውጭ የሚወጣ ሰፊ ቤት ይሠራል፤ ደረቁ ብቻ ከ3,000 ፓውንድ ያልፋል። እሱን የሚያስብ ሰው ከኋላ ባለ አራት ጎማ ፒክአፕ ይዞ ይምጣ።

ምሥራቅ ዳርቻ ላይ ችግራችን ፋብሪካዎቹ አብዛኞቹ ምዕራብ መሆናቸው ነው። ሻጩ ጥቂት፣ መለዋወጫው ሩቅ። ለዚህ ነው ኦሃዮ የሚሠራውን ኑካምፕ ሲረስ የተባለ ካምፐር ሳልጠቅስ የማላልፈው። ጧት ከዚህ የተነሳ ሰው ከሰዓት ይደርሳል፤ ችግር ቢኖር መልሶ መውሰድ ይቻላል። ያ ቅርበት ለእኔ ከሚያምር ወንበር ይበልጣል።

ልጆች ላላችሁ አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ልጆች ጋቢና ውስጥ ቀበቶ አስረው ነው የሚሄዱት። ካምፐሩ ውስጥ ተኝተው ይሂዱ የሚል ሰው ካለ አትስሙት።

ማሰሪያው ላይ አትቆጥቡ። ሁለት ዓይነት ነው የሚያከራክረው። ሃፒጃክ ካሶኒውንና ፓራውልቱን ይይዛል፣ ዋጋውም ቀለል ይላል። ቶርክሊፍት ሻንሲውን ነው የሚይዘው። የኤፍ-150 አካል ከ2015 ጀምሮ አሉሚኒየም ስለሆነ እኔ ሻንሲውን የሚይዘውን እመርጣለሁ። ከሥሩ ደግሞ የጎማ ምንጣፍ አንጥፉ፤ ካምፐሩ እንዳይንሸራተት ያደርጋል።

ያገለገለ ለሚገዛ ዋናው ጠላት ውኃ ነው። ይሄን በገንዘቤ ነው የተማርኩት። የመጀመሪያውን ካምፐሬን ከአንድ ግለሰብ ገዛሁ። ውስጡ ንጹሕ ነበር፣ ሽቶ ሽቶ ይላል። ሁለተኛው ዝናብ ላይ የአልጋው ማዕዘን ጠቆረ። ሳንቃውን ስነቅለው ኮምፔንሳቶው እንደ እርጥብ ዳቦ ተፈረፈረ። ሽቶው የሻገተውን ለመሸፈን ነበር። ያሠራሁት ጋራዥ ደግሞ ጣሪያውን በተራ ሲሊኮን ለቀለቀው። ሲሊኮን ላይ ሌላ ማሸጊያ አይጣበቅም፤ በዓመቱ ሲያፈስ ያን ሁሉ ፍቆ ማንሳት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጣሪያው ላይ ውጡ። ማዕዘኖቹን፣ የአልጋውን ሥር፣ የመስኮቱን ዙሪያ በአውራ ጣት ተጫኑ። ከለሰለሰ ትታችሁ ሂዱ። የእንጨት እርጥበት መለኪያ ርካሽ ነው፤ ይዛችሁ ሂዱ። ለጥገና፣ ጠፍጣፋው ጣሪያ ላይ ዳይኮር የሚባለው ራሱ የሚተኛ ማሸጊያ ጥሩ ነው። ለቆመ ግድግዳ የማይፈሰውን ዓይነት ግዙ። የተሰነጠቀ መገጣጠሚያ ላይ ኢተርናቦንድ የሚባለውን ፕላስተር ተጠቀሙ፤ አንዴ ከተለጠፈ ግን አይነሳም፣ ስለዚህ ቦታውን በደንብ አጽዱ።

ጥገናውን ማን ይሥራው? ፍሬን፣ ጎማና ባሌስትራ ከሆነ የኛ ሰዎች ጋራዥ ይበቃል፤ ዋጋውም ንግግሩም ይመቻል። ፕሮፔንና ማሞቂያ ከሆነ ግን የአርቪ ጥገና ምስክር ወረቀት ያለው ባለሙያ አስመጡ። ቤታችሁ ድረስ የሚመጡ አሉ። ትልልቆቹ ሻጮች ጋ በጸደይ ወረፋው ሳምንታት ይወስዳል፤ ተንቀሳቃሹ ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ በቀናት ውስጥ ይደርሳል።

ማቆሚያውንም ከመግዛታችሁ በፊት አስቡበት። ብዙ የሰፈር ማኅበራት ካምፐር ደጅ ላይ እንዲቆም አይፈቅዱም። የአፓርትመንት ጋራዥ ደግሞ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው። ከቀለበት መንገዱ ውጭ ያሉ ማቆሚያዎች ይረክሳሉ።

አሁን የማሳስባችሁ ከሁሉ የሚበልጠውን ነው። ከሰል ወደ ውስጥ አታስገቡ። ቡና ያለ ከሰል፣ ከሰል ያለ ዕጣን አይሆንልንም፤ አውቃለሁ። ግን ካምፐር ውስጥ ያለው አየር ከአንዲት ትንሽ ክፍልም ያነሰ ነው። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ እንቅልፍ ነው የሚመስለው። ፍሙ የጠፋ መስሎ ለሙቀት ቢገባም ይገድላል። ቡናውን ውጭ ቁሉት፤ የጫካ አየር ላይ ሽታው ሌላ ነው። ጀበናውን በጋዝ ምድጃ ስታፈሉ መስኮትና የጣሪያውን ማናፈሻ ክፈቱ። የጋዝ ጠቋሚው ጀርባ ላይ የሚያበቃበት ቀን አለ፤ ካለፈ ዛሬውኑ ቀይሩት።

ስንቅ ላይ አባቶቻችን የጨረሱት ነገር ስለሆነ ብዙ አልልም። ድርቆሽ፣ በሶ፣ ቋንጣ፣ ቆሎ። ፍሪጅ አይፈልግም፣ አይከብድም። እርጥብ እንጀራ ከሦስት ቀን በላይ አትያዙ። ፍሪጅ የምትመርጡ ከሆነ በባትሪ የሚሠራውን ኮምፕረሰር ውሰዱ፤ በፕሮፔን የሚሠራው መኪናው ዘንበል ብሎ ከቆመ በደንብ አያቀዘቅዝም። ሊቲየም ባትሪ ያስገባችሁ ደግሞ ውርጭ ላይ እንደማይሞላ እወቁ፤ ራሱን የሚያሞቅ ዓይነት አለ።

ወደ ኒው ዮርክና ፊላዴልፊያ የምትወጡ፣ የባልቲሞር ዋሻዎችን ተጠንቀቁ። የወደቡ ዋሻም ፎርት ማክሄንሪም ከ10 ፓውንድ በላይ የሚይዝ የፕሮፔን ሲሊንደር የያዘ መኪና አያሳልፉም። የኛ ሲሊንደር 20 ፓውንድ የሚይዝ ነው። ድሮ በኪይ ድልድይ እንሻገር ነበር፤ መጋቢት 2024 ላይ ወደቀ። አሁን ባልቲሞርን የሚዞረውን 695 አውራ ጎዳና ይዛችሁ በከተማው ምዕራብ በኩል ዙሩ።

የት ይታደር? ከተማ አጠገብ ግሪንቤልት ፓርክ አለ። የመንግሥት ነው፣ ዛፍ የሞላበት፣ ርካሽ፤ መብራትና ውኃ ግን አይሰካም። ኮሌጅ ፓርክ ያለው ቼሪ ሂል ሁሉ ነገር አለው፣ ዋጋውም እንደዚያው ነው። ከአዲስ አበባ ቤተሰብ ሲመጣ ዋሽንግተንን ለማሳየት ቼሪ ሂልን እመርጣለሁ፤ ለራሴ ግን ግሪንቤልት ይበቃኛል።

ሜሪላንድ ባሕር ዳርቻ ያለው አሳቲግ ደሴት ላይ ባሕሩ ዳር ታድራላችሁ። የዱር ፈረሶቹ ውበት ናቸው፣ ግን ምግብ ይሰርቃሉ። አንድ ጧት ዞር ብዬ ስመለስ ዳቦ ቆሎዬን ከነቦርሳው አንዱ እየበላ ነበር። መመገብ ክልክል ነው፤ ሁሉን ወደ ውስጥ ቆልፉ። በሐምሌ ትንኙ አያስተኛም፤ መስከረም መጨረሻ ሂዱ። ዝምታና ኮከብ የሚፈልግ ደግሞ ዌስት ቨርጂኒያ ስፕሩስ ኖብ ይውጣ። 4,863 ጫማ ከፍታ ነው፤ ብርዱ ደብረ ብርሃንን ያስታውሳል። ስልክ አይያዝም፤ ለቤት ሰው አስቀድማችሁ ንገሩ።

ለመጀመሪያ ጉዞ ግን የቨርጂኒያው ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ነው ምርጫዬ። መግቢያው ለአንድ መኪና 30 ዶላር ነው። ፓርኩ ውስጥ ያለውን የቢግ ሜዶውስ ማደሪያ ስድስት ወር ቀድማችሁ በኢንተርኔት ያዙ፤ በጥቅምት ቅጠሉ ሲቀላ ቦታ አይገኝም። ከመነሳታችሁ በፊት የካምፐራችሁን ቁመት ከመሬት እስከ ማናፈሻው ጫፍ ለኩና ፓርብሪሱ ጥግ ላይ ጽፋችሁ ለጥፉ። በቶርንተን ጋፕ መግቢያ ከገባችሁ ሜሪስ ሮክ ዋሻ አለ፤ ከፍታው 12 ጫማ ከ8 ኢንች ነው። ጣሪያችሁ ወደዚያ ከተጠጋ በስዊፍት ረን ጋፕ ግቡ፤ በዚያ በኩል ዋሻ ሳይገጥማችሁ ቢግ ሜዶውስ ትደርሳላችሁ።