አፈ ጉባኤ «እጅ ቆጣሪ» ብቻ ነው?

ዘ-ጉለሌ፦
ትናንት ማታ አንድ የሬዲዮ ውይይት ስሰማ ነበር። እንግዳው ስለ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤዎች ተጠየቀ። ከዳዊት ዮሐንስ እስከ ታገሠ ጫፎ ያሉትን ሁሉ በአንድ ጆንያ ከትቶ «አፈ ጉባኤ እጅ ቆጣሪ ነው፤ ማንም ቢቀመጥ ለውጥ የለውም» ብሎ አለፈ። ጋዜጠኛውም አንድ ጥያቄ አላነሳም። በጣም ነው የተናደድኩት። 1997ን እንዴት ይረሳል? የምክር ቤቱ ዘመን ሊያልቅ ሲል የአሠራር ደንቡ ተቀየረ። ድሮ 20 አባላት ከተስማሙ አጀንዳ ማስያዝ ይችሉ ነበር። ከዚያ በኋላ 51 በመቶ ያስፈልጋል ተባለ። ተቃዋሚዎቹ ቅንጅትና ኅብረት ከ160 በላይ ወንበር ይዘው ሊገቡ ሲሉ መሆኑ ነው። መድረኩን ይመራ የነበረው ዳዊት ነው። ይሄ እጅ መቁጠር ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ሰውዬው ልክ ነው። ደንቡን የቀየረው ኢሕአዴግ እንጂ ዳዊት አይደለም። ወንበሩ ላይ አንተን ብናስቀምጥህ አስቀርተኸው ነበር? ድርጅቱ ወስኖ ይመጣል፣ አባላቱ እጅ ያወጣሉ፣ እሱ ይቆጥራል። እጅ ቆጣሪ።

አንቀጽ 58፦
ወንድሜ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሕገ መንግሥቱን ገልጠህ እይ። ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ሰኔ 30 ይዘጋል። በእረፍት ጊዜ ስብሰባ የሚጠራው አፈ ጉባኤው ነው። ከግማሽ በላይ አባላት ከጠየቁት ደግሞ የመጥራት ግዴታ አለበት። ቆጣሪ ስብሰባ አይጠራም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ወረቀቱን እኔም አውቀዋለሁ። ያው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 54 ላይ የአባላቱ ተገዥነት ለሕገ መንግሥቱ፣ ለሕዝቡና ለሕሊናቸው ነው ይላል። በ2007 ምርጫ 547ቱም ወንበር የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። ሕሊና እዚያ አዳራሽ ውስጥ የት ጋ ተቀምጦ እንደነበር ንገረኝ።

የአዳማ ልጅ፦
እኔ ልንገርህ። 88ቱ ጋ ነበር። የካቲት 23 ቀን 2010 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲቀርብ 88 ሰው ተቃወመ፣ 7 ድምፅ አቀበ። ሁሉም የገዥው ፓርቲና የአጋሮቹ ሰዎች ናቸው። ይሄ ከዚያ በፊት ታይቶ ያውቃል? አዳራሹን የመራው ደግሞ አባዱላ ገመዳ ነው። ከወራት በፊት የሕዝቤና የድርጅቴ ክብር ተነክቷል ብሎ ከኃላፊነት መልቀቅ እፈልጋለሁ ያለ ሰው ነው። በዳዊት ዘመን ማን እንዲህ ሊል?

ዘ-ጉለሌ፦
የአዳማ ልጅ፣ አባዱላን ማንሳትህ ጥሩ። የዚያን ቀን ቁጥር ግን ሙሉውን ተናገር። ከመድረኩ የሰማነው የድጋፍ ድምፅ 346 ነበር። በሥራ ላይ የነበሩት አባላት 539 ናቸው። አዋጁን ለማጽደቅ የሚያስፈልገው ሁለት ሦስተኛው 360 ይሆናል። ስለዚህ አዋጁ ወድቋል ማለት ነበር። ከዚያ 346ቱ ስህተት ነው ተባለና 395 ሆነ። 49 ሰው ከየት መጣ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ይኸውላችሁ። የምትሟገቱለት ሰው እጅ ቆጣሪ ብቻ ሳይሆን መቁጠር ያቃተው እጅ ቆጣሪ ሆነ።

የአዳማ ልጅ፦
ስድብ ክርክር አይሆንም። ቆጠራው የሚካሄደው በየረድፉ በተመደቡ ሰዎች ነው። አባዱላ የደረሰውን ወረቀት አነበበ። 346 ሲደመር 88 ሲደመር 7 ብትለው 441 ይመጣል። በአዳራሹ የተገኙት 490 ናቸው ተብሏል። 395 ስታደርገው ልክ 490 ይሆናል። ሂሳቡ ይገጥማል።

አንቀጽ 58፦
ሂሳቡ መግጠሙ ምንም አያረጋግጥም። እጅ ወርዶ፣ ሰው ተበትኖ የተስተካከለ ቁጥር ሁልጊዜ እንዲገጥም ተደርጎ ይሠራል። ማረሚያው እዚያው አባላቱ ተቀምጠው እንደገና እጅ ማስወጣት ነበር። ያንን ማዘዝ የሚችለው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው፦ አፈ ጉባኤው። አዋጁ ከታወጀ የካቲት 9 ጀምሮ ያለው የ15 ቀን ገደብ ገና አላለፈም ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንተ እጅ ቆጣሪ ትላለህ። እኔ ደግሞ ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ሰው አገር ሊቀይር የሚችልባት አንዲት ከሰዓት በኋላ ነበረች እላለሁ።

የአዳማ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ያን ጊዜ የነበረውን ውጥረት ረሳኸው? ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም መልቀቂያ አስገብተዋል። አገሪቱ አፋፍ ላይ ናት። አንተ ቤትህ ሆነህ «ድጋሚ እጅ ያስወጣ» ትላለህ። አባዱላ ያኔ ወንበሩን ረግጦ ቢወጣ ኖሮ በወሩ የመጣው ለውጥ ይመጣ ነበር? እኔ ይመጣ ነበር አልልም።

እመቤት ባሕር ዳር፦
ወንዶቹ በ49 እጅ ስትጨቃጨቁ የመጀመሪያዋን ሴት የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ አንዳችሁም አላነሳችሁም። ሙፈሪያት ካሚል ሚያዝያ 2010 ወንበሩን ያዘች። በጥቅምት 2011 የሰላም ሚኒስትር ሆና ሄደች። ስድስት ወር ብቻ ነው። በዚያ ስድስት ወር ግን ያ የተጣላችሁበት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከጊዜው በፊት ተነሳ። ኦነግ፣ ኦብነግና ግንቦት 7 ከአሸባሪነት ዝርዝር ወጡ። የምሕረት አዋጁም ጸደቀ። እስቲ ከእነዚያ ዓመታት ይህን ያህል የሠራ የምክር ቤት ወቅት ጥቀሱልኝ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እመቤት፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። ግን ያን ሁሉ ያመጣው ሥራ አስፈጻሚው ነው። እሷ አስቆጠረች።

እመቤት ባሕር ዳር፦
ይህን ነው የምጠላው። ሴት ስትቀመጥ ወንበሩ ባዶ ነው ትላላችሁ። ባዶ ስለሆነ ለሴት ተሰጠ ትላላችሁ። በፌዴሬሽን ምክር ቤት አልማዝ መኮ ነበረች፣ ኬሪያ ኢብራሂም ነበረች። ወደ ክልል ምክር ቤቶችም ውረዱ። በጨፌ ኦሮሚያ ሎሚ በዶ፣ ቀጥላ ሰዓዳ አብዱራህማን። በእኛ በአማራ ክልል ወርቅሰሙ ማሞ፣ ቀጥላ ፋንቱ ተስፋዬ። ሕገ መንግሥቱ የክልሉ ከፍተኛ የሥልጣን አካል የክልሉ ምክር ቤት ነው ይላል። ርዕሰ መስተዳድሩን ግን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። አፈ ጉባኤዋን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ስለማታውቋቸው ነው እጅ ቆጣሪ የምትሏቸው።

ዘ-ጉለሌ፦
እመቤት፣ በዚህ ከአንቺ ጋር ነኝ። ግን አለመታወቃቸው ራሱ ወንበሩ እንደተዳከመ አያሳይም? አንድ የክልል ምክር ቤት ዓመቱን ሙሉ ጥቂት ቀን ተሰብስቦ በጀትና ሹመት አጽድቆ ይበተናል። በዚያ አካሄድ አፈ ጉባኤዋ ምን ጊዜ አግኝታ ትታይ?

እመቤት ባሕር ዳር፦
ለምን ጥቂት ቀን ብቻ ተሰበሰበ ብለህ ጠይቃ። እሱን ጠይቀህ አታውቅም።

ጋሽ አንጋፋ፦
ልጆች፣ ነገሩን ከ1987 ብቻ ጀመራችሁት። ፓርላማ በዚህ አገር ከ1923ቱ ሕገ መንግሥት ጀምሮ አለ። በ1948 ተሻሽሎ የሕግ መምሪያው ምክር ቤት አባላት በሕዝብ መመረጥ ጀመሩ። የሕግ መወሰኛውን ልዑል ራስ አሥራተ ካሳ መሩት። ከእሳቸው በኋላ ሌተና ጄኔራል አቢይ አበበ እስከ 1966 ድረስ። የጭሰኛና የባለ መሬት ረቂቅ እዚያ ፓርላማ ገብቶ ስንት ዓመት እንደቆየ ታውቃላችሁ? መንግሥት ያመጣውን ሕግ ፓርላማው አላጸደቀም። እጅ ቆጣሪ የሚባለው ከዚያ ወዲህ የመጣ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ጋሼ፣ በእርስዎ ላይ ድምፄን አላነሳም። ግን ረቂቁ የቆየው ለሕዝብ ታስቦ ነው? መሬት የነበራቸው ሰዎች ናቸው ያስቆሙት። ጭሰኛው እዚያ ማን ነበረው? ጄኔራል አቢይ ደግሞ የንጉሡ አማች የነበሩ ሰው ናቸው። በንጉሡ ተሹመው ነው የመሩት።

ጋሽ አንጋፋ፦
መሾማቸው እውነት ነው። ረቂቁም ለጭሰኛው የሚጠቅም ነበር። እኔ ያልኩት ምክር ቤቱ እምቢ ማለት ይችል ነበር ነው። በደርግ ጊዜ ብሔራዊ ሸንጎ ሲቋቋም የመንግሥት ምክር ቤቱን ራሱ ፕሬዚዳንቱ ይመራው ነበር። ያኔ ለይስሙላም ቢሆን ከአገሪቱ መሪ የተለየ ሰብሳቢ አልነበረም። በእነዚህ መካከል ልዩነት የለም የሚል ሰው ዘመኑን አልኖረበትም።

የመቀሌ ልጅ፦
እምቢ ስላለ ሰው ከተነሳ ኬሪያን በስም ጠርታችሁ አትለፉ። ሰኔ 1 ቀን 2012 ከፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ለቀቀች። ምርጫ ለማራዘም ሕገ መንግሥት ይተርጎም የሚለውን አልመራም አለች። በሁለተኛው ቀን በ114 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በአንድ ድምፀ ተአቅቦ አጸደቁት። እጅ ቆጣሪ ቢሆን ኖሮ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ትቆጥር ነበር።

የአዳማ ልጅ፦
ኬሪያ የሕወሓት ከፍተኛ አመራር ነበረች። ድርጅቷ ያላትን አደረገች። ይሄ ሕሊና አይባልም።

የመቀሌ ልጅ፦
አባዱላ ድርጅቴ ተነካ ሲል ክብር ሆነ። ኬሪያ ስትለቅ የድርጅት ትእዛዝ ሆነ። ሁለት ሚዛን ይዘህ አትከራከር። አባዱላ መልቀቅ እፈልጋለሁ ብሎ ወንበሩ ላይ ቆየ። ኬሪያ እለቃለሁ ብላ ለቀቀች።

የአዳማ ልጅ፦
ለቅቃ ምን እንደተከተለ ሁላችንም አይተናል። አልቀጥልበትም።

የመቀሌ ልጅ፦
የተከተለውን እኛ ኖረንበታል። አንተ አትነግረኝም።

አንቀጽ 58፦
እባካችሁ ወደ ጦርነቱ አትግቡ። ከሁለቱም በፊት አልማዝ መኮ አለች። በ1993 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ሆና ሳለ አሜሪካ ቀረች። በኦሮሞ ሕዝብ ላይ የሚፈጸመውን በደል ምክንያት አድርጋ ተናገረች። ሦስቱንም አስተያዩአቸው። ወንበሩ እጅ ለመቁጠር ብቻ ቢሆን ሰው ይህን ያህል ዋጋ ከፍሎ አይለቀውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
አየህ፣ አንተው ራስህ መለስክልኝ። ወንበሩ ላይ ሆነው መሥራት ስላልቻሉ ነው ለቀው የወጡት። ያልለቀቁት የት ሄዱ? አባዱላ ከኦሮሚያ ፕሬዚዳንትነት ወደ አፈ ጉባኤነት መጣ። አገኘሁ ተሻገር ከአማራ ክልል ርዕሰ መስተዳድርነት ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት። ተሾመ ቶጋ ከአፈ ጉባኤነት ወደ አምባሳደርነት። ካሳ ተክለብርሃን ከፌዴሬሽን ምክር ቤት አፈ ጉባኤነት ወደ ሚኒስትርነት፣ ከዚያ እዚህ ዋሽንግተን አምባሳደር። ሙላቱ ተሾመም በዚያው በኩል አልፈው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ወንበሩ መሸጋገሪያ ነው። ነገ ሹመት የሚጠብቅ ሰው ዛሬ ሥራ አስፈጻሚውን «ቁጭ በል፣ ጥያቄውን መልስ» አይልም።

ዘ-ጉለሌ፦
ይሄኛው ነጥብህ ከባድ ነው። ከ«እጅ ቆጣሪ» በብዙ ይሻላል። ግን ተሾመ ቶጋን ካነሳህ 1998ን አስታውስ። ከተቃዋሚ ቡልቻ ደመቅሳ፣ መረራ ጉዲና፣ በየነ ጴጥሮስ፣ ተመስገን ዘውዴ አዳራሹ ውስጥ ነበሩ። መለስ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ይመልስ ነበር። ሰው ሥራ ፈትቶ ቴሌቪዥን የሚያይበት ጊዜ ነበር። ማን ስንት ደቂቃ ይናገር፣ ማን ይቋረጥ የሚለውን የሚወስነው ተሾመ ነው። በ2003 ደግሞ ከተቃዋሚ ፓርቲ ግርማ ሰይፉ ብቻውን ቀረ። ለአንድ ሰው የሚሰጥ ደቂቃ ሕይወቱ ነው። ያን ደቂቃ የሰጠና የነፈገ ሰው እኩል ነው ትለኛለህ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ደቂቃው በወንበር ብዛት ነው የሚከፋፈለው። ደንቡ ነው። ደንቡን ያወጣው ማን ነው? ተመልሰን 51 በመቶው ጋ ገባን።

አንቀጽ 58፦
ደንብ ዕድሉን ይሰጣል፣ አፈጻጸሙ ግን የሰብሳቢው ነው። «የተከበሩ አባል፣ ሰዓትዎ አልቋል» የሚለውን ቃል ለአንዱ በሰከንዱ፣ ለሌላው ከአምስት ደቂቃ በኋላ መናገር ይቻላል። ያን ጊዜ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቃል።

እመቤት ባሕር ዳር፦
አሁን ያለውን ምክር ቤት ለምን አትነኩም? ታገሠ ጫፎ ከጥቅምት 2011 ጀምሮ አሉ። የ2013ቱ ምርጫ ጥቂት የተቃዋሚ አባላትን አስገብቷል። ክርስቲያን ታደለ እስር ቤት ሆኖ ያለመከሰስ መብቱ በዚያው አዳራሽ ተነሳ። የመረጠውን ሕዝብ የሚወክል ሰው አሁን የለም። እዚያም እጅ ተቆጠረ።

የአዳማ ልጅ፦
ያለመከሰስ መብት ማንሳት የምክር ቤቱ ሥልጣን ነው። በሕጉ መሠረት ነው የሆነው።

እመቤት ባሕር ዳር፦
ሰውየው ከታሰረ ከወራት በኋላ ነው የሆነው። ሕጉ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ መጀመሪያ መብቱ ይነሳ፣ ከዚያ ይያዝ ነው የሚለው። አፈ ጉባኤ የአባላቱን መብት ካልጠበቀ ማን ይጠብቅ?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እመቤት፣ ለእኔ ነው የምትከራከሪልኝ።

እመቤት ባሕር ዳር፦
በፍጹም። አንተ አይችሉም ትላለህ። እኔ ይችሉ ነበር፣ አላደረጉም እላለሁ። አይችሉም ካልን ማንንም መጠየቅ አንችልም።

ጋሽ አንጋፋ፦
ልጄ እመቤት ያለችው ትክክል ነው። ጄኔራል አቢይን በተመለከተ ግን ገና አልጨረስኩም። ነገ እመለሳለሁ።

ዘ-ጉለሌ፦
ለሬዲዮ ጣቢያው ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው። በ1998ቱ ምክር ቤት የተቀመጠ ሰው ጋብዙ እላቸዋለሁ፣ ከገዥው ፓርቲም ከተቃዋሚም። የምትፈርሙ ስማችሁን ከታች ጻፉ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
እፈርማለሁ። ግን ጥያቄዬ ይግባልኝ፦ ከአምስቱ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤዎች አንዱ እንኳ መንግሥት ያቀረበውን አጀንዳ መልሶ ያውቃል?

የአዳማ ልጅ፦
የ88ቱም ይግባ። ያለዚያ አልፈርምም።

የመቀሌ ልጅ፦
የኬሪያም። ያለዚያ እኔም አልፈርምም።