ከጣርማበር ቁልቁለት በላይ እንደር ወይስ በታች? በመኪናቸው ውስጥ ለሚያድሩ ቤተሰቦች የአዳር ቦታ አመራረጥ

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን

ሰላም ለሁላችሁ። ሸዋ ሮቢት የምትኖረው ታናሽ እኅቴ በመጪው ኅዳር ወንድ ልጇን በ40 ቀኑ ክርስትና ታስነሣለች። ሥርዓቱ የሚጀመረው ገና ጎሕ ሲቀድ ስለሆነ ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር መገኘት አለብን። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት 95 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ርቀቱ ብቻውን አያስጨንቅም። ነገር ግን ይህን አጋጣሚ ምክንያት በማድረግ ከክርስትናው በፊት ባሉት ቀናት አንኮበርንና የሜንዝ ጓሳን እንደማሳያቸው ለልጆቼ ቃል ስለገባሁላቸው፣ ሦስት ሌሊት ከቤት ውጭ ማደራችን ነው።

መኪናችን አሮጌ ሚኒባስ ናት። የኋላ ወንበሮቿን አስነቅዬ አናጢ የእንጨት አልጋ ሠርቶልኛል፤ ከአልጋው ሥር የውሃ ጀሪካን፣ አነስተኛ የጋዝ ምድጃና የምግብ ሣጥን ይገባል። እናቴ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆቼ ከውስጥ ይተኛሉ፤ እኔ ከአጠገባቸው ድንኳን እተክላለሁ። እናቴ 70 ዓመት አልፏታል፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ሌሊትም ስለምትነሣ መጸዳጃ የሌለው ሜዳ ለእኛ አይሆንም። የእኅቴ ቤት በዚያን ሰሞን በአራስ ጠያቂና በእንግዳ ስለሚሞላ፣ ግቢዋም መኪና ስለማያስገባ እሷ ዘንድ ማደር አይታሰብም።

ምክር እንድጠይቅ ያስገደደኝ ባለፈው ዓመት የደረሰብን ነገር ነው። በወሬ የሰማነውን የአንድ ማረፊያ ግቢ አምነን ከመሸ ስንደርስ በሩ ተቆልፎ አገኘነው፤ ብናንኳኳም የሚከፍት ጠፋ። መኪናዋን አስፋልቱ ዳር አቁመን አደርን። ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሚኒባሷ ትናወጥ ነበር፤ ልጆቹ እንደ ምንም ቢተኙም እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ መቁጠሪያዋን እየቆጠረች ቁጭ ብላ አነጋችው። አንዲት ቃል ሳትናገር በማንጋቷ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የመጀመሪያውን ሌሊት አንኮበር፣ ሁለተኛውን ጓሳ ለማድረግ አስቤአለሁ። ያልቆረጥኩት የመጨረሻውን፣ የክርስትናውን ዋዜማ ሌሊት ነው። ከላይ ደብረ ሲና አድረን በሌሊት እንውረድ ወይስ ከዋዜማው ወርደን ሸዋ ሮቢት እንደር? ልጆቼ የደጋ ልጆች ስለሆኑ የወባው ነገር ያሳስበኛል።

መልስ፦ ከደብረ ሲና፣ የጭነት መኪና ሾፌር

ወንድሜ፣ በዚህ መንገድ ስመላለስ 19 ዓመቴ ነው፤ ከጣርማበር ወደ ሸዋ ሮቢት ስለሚወርደው ቁልቁለት የማውቀውን ልንገርህ። ከሁሉ በፊት፣ የትም ብታድር የጣርማበርን ዋሻ በቀን ብርሃን እለፍ። በጣሊያን ጊዜ የተፈለፈለው ያ ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከቆላው የሚነሣው ሞቃት አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ሆኖ በዋሻው አፍ ላይ ይተኛል። ከዋሻው ስትወጣ የራስህን መኪና አፍንጫ እንኳ የማታይበት ቀን አለ። እንዲህ ሲገጥምህ ረዥሙን መብራት አታብራ፤ ጉሙ ነጭ ግድግዳ ሆኖ ይመለስብሃል። አጭሩን አብርተህ የመንገዱን ጠርዝ እያየህ በዝግታ ውረድ።

ሁለተኛው ፍሬን ነው። አልጋ፣ ውሃና አምስት ሰው የጫነች ሚኒባስ ባዶዋን እንደምታውቃት አትሆንልህም። ከዋሻው ጀምረህ ሁለተኛ ማርሽ አስገባና በሞተር ያዛት። እኔ በጀመርኩበት ዓመት እግሬን ፍሬን ላይ ጭኜ ስወርድ ረዳቴ «የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አለኝና ቆምኩ፤ ከኋላ ጎማ ጭስ ይወጣ ነበር። ረዳቴ ውሃ ሊያፈስበት ሲል አንድ ትልቅ ሾፌር ሮጦ መጥቶ ከለከለው፤ የጋለ ብረት ቀዝቃዛ ውሃ ሲያገኘው ይሰነጠቃል። አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመን በራሱ እስኪበርድ ጠበቅን።

ለጥያቄህ የእኔ መልስ ደብረ ሲና ነው። ዋሻውን ትተኸው ትመጣለህ፤ ወባ የለም፤ አጥር ያለው ግቢም ታገኛለህ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ብትነሣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሸዋ ሮቢት ትገባለህ። ከመነሣትህ በፊት ግን በዚያው ዕለት ከታች የመጡ ሾፌሮችን የመንገዱን ሁኔታ ጠይቅ።

መልስ፦ ከመሐል ሜዳ

ጓሳን ለልጆችዎ ለማሳየት ማሰብዎ ደስ አሰኝቶኛል፤ ስለ አንኮበር ግን በቅድሚያ አንድ ነገር ልበል። አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ወደ ነበረበት ኮረብታ የሚወጣው መንገድ ደግሞ ቀጥ ያለ የእግር መንገድ ነውና ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት ይከብዳል። ቤትዎ እዚያው ቅርብ እያለ እናትዎን በብርድ የሚያሳድሩበት ምክንያት አይታየኝም። አንኮበርን በቀን አይተው ተመልሰው ቤትዎ ይደሩና በማግሥቱ ወደ ጓሳ ይነሡ።

ጓሳ ባለቤት የሌለው ሜዳ እንዳይመስልዎ። 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነውን ይህን ምድር የሜንዝ ሰው ለመቶዎች ዓመታት ሣሩን በሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ የጠበቀው የጋራ ሀብት ነው፤ ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ያገለግላል፣ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮውም የተረፉት በዚሁ ጥበቃ ነው። ስለዚህ መኪናዎን ያገኙት ቦታ ላይ አያቁሙ። የማኅበረሰቡ ማረፊያ ቤት አለ፤ እዚያ ተመዝግበውና ከፍለው በሚያሳዩዎት ቦታ ይደሩ። መጸዳጃም የሚያገኙት እዚያው ነው። በኅዳር ሣሩ መድረቅ ስለሚጀምር ከተፈቀደው ቦታ ውጭ እሳት አያንድዱ።

ቦታው ከ3,200 ሜትር በላይ ስለሆነ ብርዱ የደብረ ብርሃንን ብርድ ለለመደ ሰው እንኳ ይብሳል። ሌሊት ውርጭ ይጥልና ጠዋት ድንኳንዎን ሲያጥፉት እንደ ብራና ይንኮሻኮሻል። ብርድ ልብስ በላይ በላዩ ከመደረብ ከሥር አንድ የሜንዝ ዝተት ማንጠፍ ይሻላል፤ ብርዱ የሚገባው ከወለሉ ነውና። የካምፕ ምድጃዎ በቡታን ጋዝ የሚሠራ ከሆነ ጋዙ ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ስለሚደክም ጠዋት አልነድ ይላል፤ ቆርቆሮውን ሌሊት ብርድ ልብስ ውስጥ ያሳድሩት። ውሃውም እዚያ ከፍታ ላይ በ90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ጥራጥሬ ቶሎ አይበስልም፤ ከቤት የተቀቀለ ነገር፣ በሶና ቆሎ ይያዙ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ምንም ያህል ቢበርድ የከሰል ምድጃ ወደ መኪናው ውስጥ አያስገቡ። ፍሙ ቀልቶ ጭስ ባይኖረው እንኳ የሚያወጣው አየር ሽታ የለውም፣ በተዘጋ ቦታ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ይልቁንም መስኮቱን ጣት በሚያስገባ ያህል ክፍት አድርገው ይደሩ፤ ያን ጊዜ ትንፋሽም በመስታወቱ ላይ ውሃ ሆኖ አያድርም።

ከጓሳ እስከ ጣርማበር ግማሽ ቀን ይያዙለት። ጠዋት 3 ሰዓት ከተነሡ ዋሻውን ያለ ጥድፊያ በቀን ያልፋሉ።

መልስ፦ ከእንግሊዝ አገር፣ የሞላሌ ተወላጅ

ስለ ትውልድ አገሬ ስትጠያየቁ ሳነብ ቆየሁና እኔም በሌላ መንገድ የገጠመኝን ላካፍላችሁ ወደድኩ። እዚህ በየክረምቱ በመኪና የሚጎተት ካራቫን ይዘን ከቤተሰቤ ጋር እንጓዛለን። ከዶቨር ወደብ ወደ ፈረንሳይዋ ካሌ በፌሪ፣ መኪና በሚጭን መርከብ፣ መሻገር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ፌሪው ግን በሰዓቱ ይነሣል፣ ማንንም አይጠብቅም። ያንተም ክርስትና እንደዚያው ነው፤ ለቄሱም ለሕፃኑም ቆይ አይባልም። ስለዚህ የፌሪ ዋዜማ ማደሪያን እንደምንመርጥ አድርገህ ብትመርጠው ይጠቅምሃል።

መጀመሪያ ከፈረንሳይ ስንመለስ ከወደቡ ብዙ የማይርቅ፣ ሣሩ ያማረ፣ መታጠቢያው ንጹሕ የሆነ የካምፕ ቦታ መርጬ ነበር። ማታ 4 ሰዓት ላይ የመግቢያው አጥር በቁልፍ እንደሚዘጋና እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት እንደማይከፈት ግን አልጠየቅሁም። እዚያ አገር ብዙ የካምፕ ቦታዎች እንዲህ ያደርጋሉ። ንጋት ላይ ካራቫኑን ከመኪናው ጋር አያይዤ፣ ልጆቹን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አጥሩ ሥር ደረስኩ፤ አጥሩ ዝግ ነው፣ ቢሮው ጨለማ ነው። የፌሪያችን ሰዓት አለፈ። ከዚያ ወዲህ የአዳር ቦታ ስይዝ ከዋጋው በፊት የምጠይቀው በሩ በስንት ሰዓት እንደሚከፈትና ቁልፉን የያዘው ሰው ግቢው ውስጥ ማደሩን ነው። በጠዋት የምነሣ ከሆነ ከአጥሩ ውጭ ባለው ማቆሚያ እንዲያሳድሩኝ እለምናለሁ፤ ብዙ ጊዜ ይፈቅዳሉ።

ወደቡ አፍ ድረስ ሄዶ ማደርም አይበጅም። ሌሊቱን ሙሉ ከባድ መኪና ይገባል ይወጣል፤ በካሌ ዙሪያ ባሉ የአውራ ጎዳና ማረፊያዎች እንዳያድሩ መንገዱን የሚያውቁ ሁሉ ይመክራሉ። እኔ ከወደቡ የ20 ወይም የ30 ደቂቃ መንገድ ያህል ራቅ ብዬ፣ ነገር ግን መጨናነቅ የሚያጋጥመውን የመንገድ ክፍል አልፌ አድራለሁ።

ስለዚህ ከደብረ ሲናው ወንድማችን በአክብሮት እለያለሁ። ዋሻው ቢታለፍም ዋናው ቁልቁለት ገና ከፊት ነው። ቤተሰብ ጭኖ፣ ሰዓት እያሳደደው፣ በጨለማ ያን መንገድ የሚወርድ ሰው እንደ ባለ 19 ዓመቱ ሾፌር አይነዳም። ጉም ቢገጥመው ወይ ክርስትናው ያመልጠዋል፣ ወይ ይቸኩላል። ሸዋ ሮቢት ቢያድር ግን ጠዋት የሚቀረው የከተማ መንገድ ብቻ ነው።

መልስ፦ ከሸዋ ሮቢት፣ ነርስ

እንኳን እኅትዎን እግዚአብሔር በሰላም ገላገላት። የወባው ሥጋት ትክክለኛ ነው፤ ከተማችን ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ያለ ቆላ ነው፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ደግሞ ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ሆኖም ለአንድ ሌሊት በቂ መከላከያ አለ። ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ በአብዛኛው የምትናከሰው ከመሸ በኋላ ስለሆነ፣ ልጆቹን 12 ሰዓት ሳይሆን ረዥም እጅጌና ሱሪ አልብሷቸው፤ እራታቸውንም በጊዜ ይብሉ። አጎበሩን ከሚኒባሷ ጣራ በገመድ ሰቅለው ጫፉን ዙሪያውን ከፍራሹ ሥር ይክተቱት። ሌሊቱ እንደ ጓሳ ስለማይሆን መስኮት መክፈት ትፈልጋላችሁ፤ የሚከፈተውን መስኮት በአጎበር ቁራጭ ሸፍነው ጠርዙን በፕላስተር ይለጥፉት። ድንኳንዎንም ሲገቡና ሲወጡ ወዲያው ይዝጉ። ወደ ቤታችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ ከሳምንት ጀምሮ ባሉት ጊዜያት ከልጆቹ አንዱ ቢያተኩሰው «ጉንፋን ነው» ብለው አይለፉት፤ ሸዋ ሮቢት አድሮ እንደነበር ለሐኪሙ ነግረው ደሙን ያስመርምሩ።

ማደሪያውን በተመለከተ፣ አስፋልቱ ዳር ከባድ መኪኖች ከሚያድሩበት ሠፈር ይራቁና ወደ ውስጥ ገባ ያለ የሆቴል ግቢ ይፈልጉ። ክፍል ሳይዙ በግቢው ለማደር፣ መጸዳጃና መታጠቢያ ለመጠቀም ስንት እንደሚያስከፍሉ አስቀድሞ እኅትዎ ወይም ባለቤቷ በአካል ሄደው ይነጋገሩልዎት። ለእናትዎ ብቻ አንድ ክፍል ቢይዙላቸው ደግሞ ጉልበታቸው ያመሰግንዎታል።

ጠያቂው፦ ከደብረ ብርሃን

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንኮበርን በቀን አይተን ቤታችን እናድራለን፤ ጓሳ አንድ ሌሊት፣ የመጨረሻውን ሌሊት ሸዋ ሮቢት። የእኅቴ ባል ዛሬ አንድ ግቢ ሄዶ ጠይቆልኛል፤ ዘበኛው እዚያው እንደሚያድርና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንደሚከፍትልን ነግሮታል። ለእናቴም ከመጸዳጃው አጠገብ ያለውን ክፍል ይዞላታል። አሁን የቀረኝ ቁልቁለቱ ነው። ሚኒባሷ ፍሬኗ ሳይግል መውረዷን በምን አውቃለሁ? ሽታው እስኪመጣ መጠበቅ አልፈልግም።

መልስ፦ ከደብረ ሲና፣ የጭነት መኪና ሾፌር

የእንግሊዙ ወንድማችን ልክ ነው፤ እኔ በራሴ መጠን ነበር የመከርኩህ፣ ሸዋ ሮቢት ይሁን። ከቤት ሳትነሣ መካኒክ የፍሬኑን ሸራና ዘይት ይይልህ። ከዋሻው ከወጣህ በኋላ ደብረ ሲና ስትደርስ መንገድ ዳር ቆሎ የሚሸጡ እናቶችና ልጆች ታገኛለህ፤ እዚያ ቁም። እናትህ ትረፍ፣ ልጆቹ ቆሎ ይግዙ፤ አንተ ግን አራቱንም ጎማ ዙርና የእጅህን ጀርባ ወደ ቸርኬው መሐል አስጠጋ፣ አትንካው። ሙቀቱ እጅህን የሚያሸሽህ ከሆነ ማርሽህ ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ እስኪበርድ ግማሽ ሰዓት ጠብቅና ከዚያ በኋላ አንድ ማርሽ ቀንሰህ ውረድ። ሸዋ ሮቢት ሳትደርስም አንድ ጊዜ ደግመህ ቁምና እንዲሁ አድርግ።