ዊኒፔግ ጄትስ ሊሄድ ነው ይባላል፤ ሲዝን ቲኬት ልካፈል ወይስ ልተው?

የዊኒፔጓ፦

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ሆኪ የምትከታተሉ ሰዎች እንዳላችሁ ስላየሁ ነው የምጠይቀው።

ካናዳ፣ ዊኒፔግ ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ እሠራለሁ። በብርዱ ወራት ደግሞ ጨዋታ ባለበት ማታ ካናዳ ላይፍ ሴንተር በሚባለው አሬና (የሆኪ አዳራሽ)፣ ላይኛው ፎቅ ላይ ምግብና መጠጥ እሸጣለሁ። ሆኪን ያወቅኩት በዚህ ሥራ ነው። መጀመሪያ ሰው ለምን እንደሚጮኽ እንኳን አይገባኝም ነበር። አሁን ሥራ በሌለኝ ማታም የከተማችንን ቡድን የጄትስን ጨዋታ ቤቴ ቁጭ ብዬ አያለሁ። ሜይ 4 ቀን 2025 ከሴንት ሉዊስ ጋር የነበረውን ወሳኝ ሰባተኛ ጨዋታ መቼም አልረሳውም። 3 ለ 1 እየተመራን ሁለት ደቂቃ እንኳን አልቀረም ነበር። ደንበኞቼ ኮታቸውን እየለበሱ መውጣት ጀምረው ነበር። ከዚያ አንድ ገባ። ሰዓቱ ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ደግሞ የእኛው ፐርፌቲ አቻ አደረገን። እየወጡ የነበሩት ሰዎች ተመልሰው ሲሮጡ ከፊቴ የነበረው ሰልፍ ብን ብሎ ጠፋ። በሁለተኛው ተጨማሪ ሰዓት ላውሪ ሲያገባ የማላውቃት ሴት አቅፋኝ አለቀሰች።

ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። የመጦሪያው ባልደረቦቼ ተሰብስበን ሁለት ወንበር በሲዝን ቲኬት (የዓመቱን የቤት ጨዋታዎች በአንዴ በሚገዛው) ገዝተን ጨዋታዎቹን እንካፈል ተባባልን። ሁሉም ደስ ብሎት ነበር። ከዚያ አንዷ «ይሄ እኮ የሚሄድ ቡድን ነው፤ ገንዘባችሁን አታቃጥሉ» አለች። ሁሉም ቀዘቀዘ።

ዝም ብላ አይደለም እንዲህ ያለችው። የክለቡ ሊቀመንበር ማርክ ቺፕማን በ2024 መጀመሪያ ላይ ለጋዜጠኛ ተናግረዋል። ሲዝን ቲኬት የሚገዛው ሰው ከ13,000 ገደማ ወደ 9,500 ገደማ ወርዷል፣ በዚህ አያያዝ ለረጅም ጊዜ መዝለቅ አንችልም ነው ያሉት። ብዙም ሳይቆይ የኤንኤችኤል (የሰሜን አሜሪካው ትልቁ የሆኪ ሊግ) ኮሚሽነር ጋሪ ቤትማን ራሳቸው ወደ ከተማው መጡ። እኔም ከቆምኩበት የማየው አለ። ቶሮንቶ ወይም ሞንትሪያል የመጣ ቀን እጄ አያርፍም። በሳምንቱ መሃል ብዙ ደጋፊ የሌለው ቡድን ሲመጣ ግን በበሩ በኩል ባዶ ረድፎች ይታዩኛል።

አንድ የማስታምማቸው አባት አሉ። በ1996 የመጀመሪያው ጄትስ እዚህ የመጨረሻ ጨዋታውን ሲጫወት ነበሩበት። ኤፕሪል 28፣ ከዲትሮይት ጋር፣ 4 ለ 1 ተሸንፈው። ቡድኑ ወደ ፊኒክስ፣ አሜሪካ ሄደ፤ አሁን ያለው ጄትስ በ2011 ከአትላንታ የመጣ ሌላ ቡድን ነው። የዚያን ጊዜውን ማሊያ እስከ አሁን ቁምሳጥናቸው ውስጥ ሰቅለውታል። ሰሞኑን ወሬውን ሰምተው «ደግሞ ሊወስዱብን ነው እንዴ?» እያሉ ይጠይቁኛል። ቁርጡን ሳላውቅ ላጽናናቸው ብዬ መዋሸት አልፈልግም።

እውነት ይሄዳል? አንድ ቡድን ከተማ የሚለቀውስ ምን ሲሆን ነው?

ከላይኛው ረድፍ፦

እህቴ፣ ቲኬቱን ተካፈዪ። አሁን ባለው ሁኔታ አይሄድም ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገርሽ።

የባዶ ወንበሩን ወሬ ትተሽ በመጀመሪያ አሬናው የማን ነው ብለሽ ጠይቂ። በ1996 ቡድኑ ይጫወትበት የነበረው ዊኒፔግ አሬና በ1955 የተሠራ አሮጌ ቤት ነበር። ለሀብታም ደንበኛ የሚከራይ ዘመናዊ ክፍል የለውም፤ ገቢው ትንሽ ነው። የተጫዋች ደመወዝ በአሜሪካ ዶላር ይከፈላል። ደመወዙ ደግሞ ጣሪያ አልነበረውም፤ ኒው ዮርክ የፈለገውን ሲከፍል ዊኒፔግ መከተል ነበረበት። በ1995 ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ገንዘብ አዋጥቷል፤ ልጆች ሳይቀሩ ያጠራቀሙትን ሳንቲም ሰጥተዋል። ያ ሁሉ ሆኖም አልበቃም። ያ ሁሉ ፍቅር ክፍተቱን አልሞላውም፤ ስለዚህ አዛውንቱ ቢጨነቁ አይፈረድባቸውም።

ዛሬ ነገሩ ሌላ ነው። አሁን ያለው አሬና በ2004 ነው የተከፈተው፤ ባለቤቱም ራሱ የቡድኑ ባለቤት ትሩ ኖርዝ ነው። ኪራይ አልታደስ አለ የሚባል ጣጣ የለም። ከ2005 ጀምሮ ደመወዝ ጣሪያ አለው፤ ሀብታም ክለቦችም ለደካሞቹ የሚያካፍሉት ገቢ አለ። የቺፕማን ሸሪክ ዴቪድ ቶምሰን ደግሞ ከካናዳ ሀብታሞች ቁንጮው ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ገንዘብ ቸግሯቸው ቡድን አይሸጡም።

ታዲያ ቺፕማን ለምን ተጨነቁ? አሬናው ትንሽ ስለሆነ ነው። 15,000 ገደማ ነው የሚይዘው፤ ከሊጉ ትንንሾቹ አንዱ ነው። 18,000 ወንበር ያለው ክለብ 3,000ው ባዶ ቢሆንበት እንኳን ዊኒፔግ ሞልቶ የሚሸጠውን ያህል ይሸጣል። እዚህ የሚጎድል እያንዳንዱ ወንበር ይቆጠራል። ገቢው በካናዳ ዶላር፣ ደመወዙ በአሜሪካ ዶላር መሆኑም አልተለወጠም። ሌላ ከተማ ትልልቅ ኩባንያዎች ቲኬቱን በጅምላ ይይዙታል፤ ዊኒፔግ ላይ ሸክሙ በአብዛኛው እንደ አንቺ ባሉ ሠራተኞች ትከሻ ላይ ነው። ስለዚህ አምስትና ስድስት ሆኖ አንድ ወንበር መካፈል እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም፤ ክለቡ ቆሞ የሚሄደው በእንደዚህ ዓይነት ሰው ነው።

አትላንታና ሂውስተን ቡድን ይፈልጋሉ ሲባል ሰው ይደነግጣል። ግን የሊጉን ጥቅም እዩት። የቬጋስ አዲስ ቡድን ሊጉን በ2017 ሲገባ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ሲያትል በ2021 ሲገባ 650 ሚሊዮን። ይህ ገንዘብ የሚከፋፈለው ለነባር ክለብ ባለቤቶች ነው። አዲስ ቡድን ሸጠው ይህን ያህል እያገኙ፣ የቆመውን ከካናዳ ነቅለው ለመስጠት ለምን ይቸኩላሉ?

ቺፕማን የተናገሩትን እኔ የሰማሁት እንደ ማስፈራሪያ አይደለም። ሳይረፍድ ለከተማው ሰው እውነቱን መንገራቸው ነው። እንዲህ በግልጽ በመናገራቸው አከብራቸዋለሁ።

ፊኒክስ የነበርኩት፦

ከላይኛው ረድፍ ያልከው ልክ ነው፤ አሬናና ባለቤት ናቸው ወሳኞቹ። እኔ በሌላኛው ጫፍ ሆኜ አይቼዋለሁ። እህታችን የምታስታምማቸው አባት የተወሰደባቸው ቡድን እኮ የእኛ ቡድን ሆነ። ፊኒክስ አጠገብ ባለችው ቴምፒ ነበር የምኖረው። ልጄ በረዶ ላይ መቆም የተማረው ካዮቲዎቹን (ቡድኑ እዚያ ሲሄድ የያዘው ስም ነው) እያየ ነው።

ሰው «በረሃ ላይ ሆኪ ማን ያያል» ይላል። ይህን ስሰማ ያመኛል። ኦስተን ማቲውስ ያደገው እዚያው ስኮትስዴል ነው፤ በ2016 ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በሚመርጡበት ድራፍት አንደኛ ተመርጦ ወደ ቶሮንቶ ሄደ። ሆኪ የሚወድ ሰው ነበር። ያልነበረው በቦታው የተቀመጠ አሬና ነው። በ2003 ቡድኑ ወደ ግሌንዴል ሄደ። ግሌንዴል ምዕራብ ዳር ነው፤ ብዙው ቲኬት የሚገዛ ሰው የሚኖረው ምሥራቅ በኩል። ከሥራ ወጥተህ በዚያ ትራፊክ እዚያ ለመድረስ የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ትተህ ነው። በ2009 ክለቡ ኪሳራ ፍርድ ቤት ገባ። ለዓመታት ሊጉ ራሱ ይዞት ቆየ። ባለቤት ተቀያየረ። በ2022 ከግሌንዴል ወጥተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ባለ አሬና ገባን። 5,000 ሰው አይሞላም። የኤንኤችኤል ቡድን በዚያ!

ከዚያ ቴምፒ ላይ አዲስ አሬና ይሠራ ተባለ፤ የድሮ ቆሻሻ መጣያ በነበረ መሬት ላይ። ሜይ 2023 ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ። እኔ «አዎ» ብዬ ነው የመረጥኩት። የቀረቡት ሦስቱም ሐሳቦች ወደቁ። በዚያ ማታ እንዳለቀልን አወቅኩ።

ኤፕሪል 17 ቀን 2024 ኤድመንተንን 5 ለ 2 አሸነፍን፤ የመጨረሻው ነው። በማግስቱ የክለብ ባለቤቶቹ ወደ ሶልት ሌክ ሲቲ፣ ዩታ መሄዱን አጸደቁ። ዋጋው 1.2 ቢሊዮን ዶላር። እኛ ወሬውን አስቀድመን የሰማነው ከጋዜጠኞች ነው፤ ደጋፊን ማንም የጠየቀ የለም። ዩታ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 8 የመጀመሪያ ጨዋታውን ተጫወተ፤ እኔ ቴሌቪዥኑን አልከፈትኩም። ልጄ ግን አየ። ተጫዋቾቹን ይወዳቸዋል፤ ምን ልበለው?

እህቴ፣ ልብ ማለት ያለብሽን ልንገርሽ። የክለቡ ድርሻ ለውጭ ሰው ሊሸጥ ነው ሲባል ከሰማሽ ጆሮሽን ቀስሪ። አሬናው ላይ ከከተማው ጋር ክርክር ከተነሳ ጆሮሽን ቀስሪ። በሳምንቱ መሃል ረድፍ ባዶ ሆነ ብለሽ ግን እንቅልፍ አትጪ።

ነጭ ለባሽ፦

እኔም ዊኒፔግ ነኝ። ቡድኑ ከአትላንታ ሲመጣ በ2011 ሲዝን ቲኬት ከገዙት ውስጥ ነበርኩ። ለሕዝብ የቀረበው በደቂቃዎች ነበር ያለቀው፤ ኮምፒዩተሩ ፊት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር የገዛሁት። ከኮቪድ በኋላ ግን ተውኩት። ቡድኑን ጠልቼ አይደለም። ያኔ የቤት ጨዋታ ብቻ 41 ነበር። የቤት ብድሩ ወለድ ሲጨምር፣ ልጆች ሲመጡ፣ 41 ማታ ከየት ይመጣል? ብዙ የማውቃቸው ሰዎች ታሪካቸው ይኸው ነው። ስለዚህ የዊኒፔግ ሰው ቡድኑን ከዳ የሚል ንግግር ስሰማ አልስማማም።

ከላይኛው ረድፍ ያልከው ውስጥ አንድ ነገር ግን አልዋጥልህ አለኝ። ባለቤት ቲኬት ግዙ ብሎ በግልጽ መናገሩ ብቻውን ማረጋገጫ አይሆንም። የሃርትፎርድን ቡድን አስታውስ። በ1996 ባለቤቱ 11,000 ሲዝን ቲኬት ካልተሸጠ አልቆይም አለ። ትንሽ ከተማ ናት፤ ሰው ተረባርቦ ከ8,000 በላይ ገዛ። አንድ ዓመት ቆየላቸው። ከዚያ ከኮኔቲከት ግዛት ጋር በአሬና ጉዳይ ሳይስማሙ ቀሩና በ1997 ወደ ኖርዝ ካሮላይና ወሰደው። ደጋፊው የተጠየቀውን ለማድረግ ሞክሮ ነበር። ኩቤክንም ተመልከቱ። ቡድኗ ኖርዲክስ በ1995 ወደ ዴንቨር ሄደ፤ በዓመቱ የሊጉን ዋንጫ ስታንሊ ካፕን አነሳ። ኩቤክ በ2015 ትልቅ አዲስ አሬና ሠርታ ከፈተች። እስከ ዛሬ የኤንኤችኤል ቡድን አልመጣላትም። ከሄደ መመለሱ ከባድ ነው፤ ለዊኒፔግ የሆነው ለሁሉም አይሆንም።

ከላይኛው ረድፍ፦

ሃርትፎርድን ማንሳትህ ልክ ነህ፤ ንግግሩ ብቻውን ዋስትና አይደለም። ልዩነቱ ያ ባለቤት ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ነበር፤ አሬናውም የእሱ አልነበረም። ቺፕማን የዊኒፔግ ሰው ናቸው፤ ቡድን ከመምጣቱ በፊት አሬናውን የሠሩት እሳቸው ናቸው። ቡድኑ ሌላ ከተማ ቢሄድ የመጀመሪያው ኪሳራ የራሳቸው ሕንፃ ላይ ነው። የእኔ እምነት የቆመው እዚህ ላይ ነው።

የዊኒፔጓ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፊኒክሱ ወንድሜ፣ የጻፍከውን ለእኒያ አባት ተርጉሜ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና «ልጁ ስንት ዓመቱ ነው?» አሉኝ። ሰው በቡድናቸው ደስ ብሎት እንደነበር አስበውት አያውቁም መሰለኝ፤ እስከ ዛሬ ፊኒክስ የሚባል ስም መስማት አይወዱም ነበር። አሬናው የራሱ የክለቡ ነው ስላቸው ደግሞ ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ።

ባልደረቦቼንም አነጋገርኳቸው። ያቺ የተቃወመችው እንኳን ግማሽ ድርሻ እገባለሁ አለች። እኔ በምሸጥበት ማታ መግባት ስለማልችል የእኔን ጨዋታዎች ከሥራ መርሐ ግብሬ ጋር ማስማማት አለብኝ። አሁን የቀረን መከፋፈሉ ነው፤ ሁሉም ቶሮንቶንና ሞንትሪያልን ይፈልጋል። የሞከራችሁት ካላችሁ እንዴት ነው ሳትጣሉ የምትከፋፈሉት?

ነጭ ለባሽ፦

ለመጀመሪያው ዙር ዕጣ አውጡ። አንደኛ የወጣው የፈለገውን ጨዋታ ይምረጥ፤ በሁለተኛው ዙር ቅደም ተከተሉ ይገልበጥና መጨረሻ የነበረው መጀመሪያ ይምረጥ። እንዲህ እያላችሁ እስኪያልቅ ቀጥሉ። የማክሰኞና የረቡዕ ጨዋታዎች መጨረሻ ላይ ይቀራሉ፤ እነሱን ለሁሉም እኩል አዳርሱ። የፕሌይኦፍ (ከመደበኛው ውድድር በኋላ ያለው የጥሎ ማለፍ) ቲኬት ማን እንደሚወስድ አሁኑኑ ተነጋግራችሁ በጽሑፍ ያዙ፤ እኛን ያጣላን እሱ ነበር። ገንዘቡ ደግሞ ክፍያው ከመድረሱ በፊት ሙሉውን አንድ ሰው እጅ ይግባ።

ግማሽ ድርሻ የሚፈልግ ሌላ ሰው ካስፈለጋችሁ እኔ አለሁ።