የድምፅ ሕመም ነጥብ ከቋንቋ ቋንቋ ይወዳደራል ወይ?

መምህርት፣ ከደሴ፦
ሰላም ለሁላችሁም። አንድ ነገር እንከራከርበት። ድምፄ ከሻከረ ሦስት ወር አለፈው። ሕክምና ስሄድ ቮይስ ሃንዲካፕ ኢንዴክስ የሚባል፣ የድምፅ ችግር ኑሮን ምን ያህል እንዳወከ የሚለካ መጠይቅ ተሞላልኝ። በ1997 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ነው። 30 ጥያቄ አለው። ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጣል፤ ድምሩ ከ120 ይያዛል። ነጥቡ በጨመረ ቁጥር ችግሩ ከብዷል ማለት ነው። እኔን እዚያው በቃል ወደ አማርኛ እየመለሱ ጠየቁኝ። ከከሚሴ የመጡትን እናት ደግሞ በኦሮምኛ። ከዚያ የሁለታችንም ነጥብ አንድ ሰንጠረዥ ላይ ገባ። እኔ ይህ ልክ አይደለም ባይ ነኝ።

ነርስ፣ ከኮምቦልቻ፦
ይማርሽ እታለም። ግን አልስማማም። መጠይቁ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል። የአውሮፓ ትርጉሞችን ያነጻጸረ የ2008 እ.ኤ.አ. ጥናት ተመጣጣኝ ሆነው አግኝቷቸዋል። ጉሮሮ እንደሆነ የሁሉም ሰው ጉሮሮ ነው። አናወዳድርም ካልን የኛን አገር ሕመምተኛ ችግር በምን እናሳያለን? ቁጥር ከሌለው ማንም አይሰማንም።

መምህርት፣ ከደሴ፦
ደንበኛ ትርጉም እኮ ወግ አለው። አንዱ ይተረጉማል። ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰዋል። ሕመምተኞች ላይ ይሞከራል። መልሱ ይጸና እንደሆነ ለማየት ከቀናት በኋላ ያው ሰው እንደገና ይሞላዋል። የኔ ግን በቃል ነው የተተረጎመው፤ ነገ ሌላ ባለሙያ ሌላ ቃል ይመርጣል።

ደግሞ አንዱን ጥያቄ ልንገራችሁ። «ቤት ውስጥ ስጣራ ቤተሰቦቼ ሊሰሙኝ ይቸገራሉ» ይላል። እኚያ እናት ወረፋ ስንጠብቅ ያሉኝን አልረሳውም። «ቤቴ አንድ ክፍል ናት፣ ማን ይቸገራል? ከብት የሚጠብቀውን ልጄን ከማዶ ስጠራው ነው የማይወጣልኝ።» መልሳቸው 0 ሆኖ ተጻፈ። ሴትዮዋ እኮ ልጃቸውን መጥራት አቅቷቸዋል!

መንዙማ የሚሉ አባት፣ ከወረባቦ፦
እኔንም ጠይቀውኛል። ለወሬ ድምፄ ደህና ነው። ሐድራ ላይ ሌሊቱን መንዙማ ስል ግን እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ይሰልላል። ስለዚህ የጠየቀኝ የለም።

ነርስ፣ ከኮምቦልቻ፦
እውነትዎን ነው አባባ። ያ መጠይቅ ስለ ንግግር ነው። ለሚያዜም ሰው በ2007 እ.ኤ.አ. ለብቻው የወጣ አለ፤ 36 ጥያቄ ነው። በእሱ ሊጠየቁ ይገባ ነበር።

አስተርጓሚ፣ ከከሚሴ፦
እኔ ሁለቱንም ቋንቋ በየቀኑ እናገራለሁ። የመልሶቹ ደረጃ በጣም ያስቸግራል። «በጭራሽ» እና «ሁልጊዜ» ይገባሉ። መካከል ያሉትን «አልፎ አልፎ» እና «አንዳንዴ» ብለህ ስትጠይቅ ግን ሰው «ያው አይደል?» ይልሃል። ደግሞ ወሎዬን «ድምፅዎ ያሳዝንዎታል?» ብለህ ጠይቀው። እስላሙ «አልሐምዱሊላህ»፣ ክርስቲያኑ «ተመስገን» ይልሃል። ማማረር ነውር ነው። ስንቱ ተጎድቶ 0 አስሞልቷል!

ግን መምህርት፣ አንድ ነገር ላይ እለይሻለሁ። ይህ አመል በአማርኛም በኦሮምኛም ያው ነው። ቤቱም ተራራውም አንድ ነው። ወሎ ውስጥ በሁለት ቋንቋ የተጠየቁ ሰዎች እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ከአሜሪካው ሰው ጋር ነው የሚራራቁት። ኑሮው ነው የሚለየን።

መምህርት፣ ከደሴ፦
ይህን አላሰብኩትም ነበር። ልክ ነህ። ቢሆንም ሳይፈተን አንድ ነው አንበል። እስከዚያ ሰውን ከራሱ ጋር እናወዳድር። በዋናው መጠይቅ የአንድ ሰው ድምር 18 ነጥብ ከተለወጠ እውነተኛ ለውጥ ነው ይባላል። ያ ልክ ራሱ በኛ ቋንቋ መፈተሽ አለበት፤ ግን ከሕክምና በፊትና በኋላ በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ዓይነት ቃል ብጠየቅ ይጠቅመኛል።

ነርስ፣ ከኮምቦልቻ፦
እሺ፣ በዚህ ረታሽኝ። ከነገ ጀምሮ ከነጥቡ ጎን በምን ቋንቋ እንደተጠየቀና ማን እንደተረጎመው እጽፋለሁ። የእናትየዋን ዓይነት መልስም ከ0ው ሥር እንዳለ አሰፍረዋለሁ። ሰንጠረዡን ግን አልተውም።